ቤት ለቤት የምትዞረዋ
በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ እናቲቱ ወደ ጤና ጣቢያ እስክትመጣ መጠበቅ ቀርቶ ቤቷ ድረስ መሄድ። ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ባለሙያ ሴቶች ተመደቡ።

የማደንቀው እግራቸውን ብቻ ሳይሆን ዘዴያቸውንም ነው። ነፍሰ ጡሮችን ሰብስበው፣ ቡና እየተፈላ፣ ስለ እርግዝና ክትትሉ፣ ስለ ደም መፍሰሱ፣ ስለ አምቡላንሱ ያወያያሉ። ቤቷ የራቀባት የመውለጃ ቀኗ ሲቃረብ ጤና ጣቢያው አጠገብ ወዳለው የእናቶች ማቆያ ትገባለች። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ደግሞ ለወለደችው ገንፎ ይገነፋል፤ እልልታውም እዚያው ይቀልጣል። ብዙ ሴቶችን ከሕክምና ያራቃቸው መርፌው ሳይሆን ባይተዋርነቱ ነበርና፣ ገንፎው የመድኃኒት ያህል ሠርቷል።

ባለሙያዋ በወሊዱ አታበቃም። አራስ ቤት ገብታ እናቲቱን ትጠይቃለች፤ ጡት አጠባቡን ታያለች፤ የክትባቱን ቀን ታስታውሳለች። ወግ ሳይሻር ሕክምና ወደ ቤት የገባው በእንዲህ ያሉ ሴቶች ትከሻ ነው።