«አጽጂ» ወይስ «አከማቺ»?

በተበከለ አፈር ላይ በቅለው ኒኬልን፣ ካድሚየምንና የመሳሰሉትን ስለሚስቡ አገር በቀል ዕፀዋት የሚናገሩ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲተረጎሙ ሁለት ስያሜዎች ያጋጥሙናል፤ እነርሱም «ከባድ ብረት» እና «አፈር አጽጂ ዕፅ» ናቸው። ሁለቱም ለአፍ የቀለሉ፣ ለጆሮም የማይጎረብጡ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ፅንሰ ሐሳቡን ያዛባሉ ብለን እናምናለን።

ከመጀመሪያው እንነሣ። «ከባድ ብረት» የሚለውን የሰማ አንባቢ በትከሻ የሚሸከሙትን ነገር ያስባል እንጂ በውኃ ሟሙቶ በሥር የሚገባውን አያስብም። አማርኛ የዓይነትን ብዛት በድግግሞሽ ይገልጻል፤ ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር እንደሚባለው ሁሉ። ስለዚህ «ከባድ ብረታ ብረት» የተሻለ ነው። ጉድለቱ ለነጠላ አለመመቸቱ ነው፤ በዚህ ጊዜ የንጥረ ነገሩን ስም መጥራት ይበቃል።

ሁለተኛው ስሕተት ይበልጥ ይከፋል። «አጸዳ» የሚለው ግስ እድፉ መወገዱን በውስጡ ይዟል። ልብሱን አጸዳ ስንል ልብሱ ነጽቷል፣ እድፉም ሄዷል። ዕፁ ግን ብረታ ብረቱን አያጠፋውም፤ ከአፈር ወደ ቅጠሉ ያዛውረዋል። ቅጠሉ ረግፎ እዚያው ቢበሰብስ ወደ አፈሩ ይመለሳል፤ ከብት ቢበላው ወደ ከብቱ ያልፋል።

በኒው ካሌዶንያ የሚበቅለው ፒክናንድራ አኩሚናታ የተባለ ዛፍ ለዚህ ማስረጃ ይሆነናል። እ.ኤ.አ. በ1976 ለሳይንስ ዓለም በተገለጸው ጥናት መሠረት፣ የዚህ ዛፍ ሰማያዊ አረንጓዴ ፈሳሽ ሲደርቅ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ኒኬል ነው። የበቀለበት አፈር ደግሞ ሰው የበከለው ሳይሆን በተፈጥሮው ኒኬል የበዛበት ነው። ታዲያ ይህ ዛፍ ምኑን አጸዳ? አከማቸ እንጂ አላጸዳም።

የቃሉ ጉዳይ የምሁራን ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ውኃ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ይለማሉ፤ በዚያ አካባቢ አትክልቶች ውስጥም ከባድ ብረታ ብረት መገኘቱን ጥናቶች አመልክተዋል። ዕፅ ብረታ ብረት መሳቡን «ማጽዳት» ብለን ያስተማርነው ገበሬ፣ ቆስጣው አፈሩን አነጻልኝ ብሎ ቢደሰት ጥፋቱ የማን ነው?

የስያሜው ደጋፊዎች የሥራው ዓላማ ማጽዳት መሆኑን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ ግን ያ የሥራው ስም እንጂ የዕፁ ስም አይደለም። የሚያጸዳው አጭዶ፣ ከቦታው አንሥቶ በጥንቃቄ የሚያስወግደው ሰው ነው።

ስለሆነም የሚከተለውን እናቀርባለን። ዕፁ «ብረታ ብረት አከማቺ» ይባል። በአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ቅጠሉ ከ1000 ሚሊ ግራም በላይ ኒኬል የሚይዘውን የመሰለ ከሆነ «ልዕለ አከማቺ» ይባል። አብቅሎና አጭዶ ማስወገዱ «በዕፅ ማውጣት»፣ ብረታ ብረቱ እንዳይንቀሳቀስ በሥር አካባቢ መያዙ ደግሞ «በዕፅ ማርጋት» ቢባሉ ሁለቱ ሥራዎች አይምታቱም። «ማጽዳት» የሚለውን ቃል አፈሩ ተመርምሮ መንጻቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እናቆየው።