የላክስተን ካርታ የሚናገረውና የማይናገረው

በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃምሺር የሚገኘው የላክስተን መንደር በሊቃውንት ዘንድ የታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው እስከ ዛሬ ድረስ ሳይታጠሩ በጋራ ደንብ የሚታረሱ መስኮች ስላሉት፣ ሁለተኛውም ማርክ ፒርስ የተባለ መሬት ለኪ በ1635 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ያነሣው ካርታ ስለ ተረፈለት ነው። ካርታው በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ሲመለከቱት ዓይንን ይማርካል። መስኮቹ በቀጫጭን ማሳዎች ተሸንሽነው፣ አራሹም አጫጁም አዳኙም በትንንሽ ሥዕል ተስለው ይታያሉ። ይሁን እንጂ እርሻና አጨዳ በአንድ ቀን አይገናኙም። በመንደሩ ደንብ አንዱ መስክ ስንዴ ሲዘራበት፣ ሌላው ብርዱ ካለፈ በኋላ የሚዘራውን እህል ሲቀበል፣ ሦስተኛው ጦም ያድር ነበር፤ ከአጨዳም በኋላ ከብቱ በቃርሚያው ላይ በጋራ ይሰማራ ነበር። የደንቡ ዋና ነገር ይህ የሦስት ዓመት ዙር ሆኖ ሳለ፣ ካርታው ዓመታቱን ሁሉ በአንድ ላይ አንድ ጊዜ አስተኝቷቸዋል።

ካርታውን ያሠራው መንደሩ አይደለም፤ ርስቱን የገዛው የለንደን ነጋዴ ሰር ዊልያም ኮርተን ነው። አብሮት የተሰናዳው መዝገብ የባለ ይዞታውን ስም ከማሳው ስፋት ጋራ ይዘረዝራል። ተቀጥሮ የሚያጭደው ሰው ግን በሥዕሉ ላይ ቢታይም ስም የለውም።

ቻርልስና ክሪስታቤል ኦርዊን በ1938 ዓ.ም. «ክፍት መስኮች» በተባለው መጽሐፋቸው ይህን ካርታ ዋና ምስክር አድርገውታል። ማሳው የቀጠነው እኩል ለመከፋፈል ሲባል ሳይሆን በማረሻው ጠባይና በአንድ ቀን ሥራ ልክ ነው ማለታቸው ብርቱ ሐሳብ ነው፤ መሬትን በጥማድ ለሚቈጥር ሰውም አያስቸግረውም። ስሕተታቸው ከዚህ በኋላ ይመጣል። በ1635 ዓ.ም. ከተነሣ ካርታ ተነሥተው፣ ብዙ መቶ ዓመታት ወደ ኋላ ተሻግረው፣ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መሬቱን እንዴት እንዳቀኑ ይተርካሉ። ካርታው በተነሣበት ጊዜ ግን ከመሬቱ ከፊሉ አስቀድሞ ታጥሮ ነበር። ጆአን ተርስክ በ1964 ዓ.ም. የጋራ መስክ ደንብ በአንድ ጊዜ ያልተተከለ፣ ቀስ በቀስ የተሰናሰለ መሆኑን ስትከራከር የነካችው ይህንኑ ድካም ነው።

በፒርስ ዘመን አራት የነበሩት መስኮች ዛሬ ሦስት ናቸው። የመንደሩ ዳኞች ግን አሁንም በየዓመቱ ስንዴ የተዘራበትን መስክ እየዞሩ፣ ከድንበሩ አልፎ ወደ መንገዱና ወደ ሣሩ የገፋ አራሽ እንዳለ ይመረምራሉ፤ ችካልም ይተክላሉ፤ ጥፋተኛውም በመንደሩ ሸንጎ መቀጫ ይከፍላል።