ያልተፋቀ ፊልም

በኮልፌ ቀራንዮ ሰፈሮች ፊልም ማየት ማለት ለረጅም ጊዜ ቪዲዮ ቤት መግባት ማለት ነበር። ካሴቱ ከካሴት የተገለበጠ፣ ያም ከሌላ ካሴት የተገለበጠ ስለሆነ፣ ትዕይንቱ ጨለም ሲል የተዋናዩ ዓይን ይጠፋል፤ ንግግሩም በካሴቱ ጩኸት ይዋጣል። ዛሬ ፍላሽ ይዞ ሄዶ ማስጫን ይበቃል። ፋይሉ ጥርት ያለ ይመስላል፤ ጥርት ማለቱ ግን ሌላ ጉድለት ሊሸፍን ይችላል። ይህን ለመለየት ከኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሻለ መፈተኛ አላውቅም።

ፊልሙ የተቀረጸው በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ካሜራውን የያዘው ኤልየት ዴቪስ ነው። የ16 ሚሊሜትር አንድ ፍሬም ስፋቱ የ35 ሚሊሜትሩን ሩብ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ በትልቅ ስክሪን ሲዘረጋ ምስሉን የሠሩት የብር ቅንጣቶች እንደተበተነ ጤፍ ይታያሉ። በጣሊያን የቦሎኛ ሲኔቴካ የተባለው የፊልም ቤተ መዛግብት ያሳደሰው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2006 በካን ፌስቲቫል የጥንታዊ ፊልሞች ክፍል ታይቷል።

የእድሳቱ ብልሃት የሚገባው ካሜራው ገበሬዎቹን ከሩቅ ሲያይ ነው። ተዳፋቱ ሰፊ ነው፤ ከበሬው ኋላ የሚሄደው ሰው ኢምንት ነው። እዚያ ርቀት ላይ ያ ሰው የተሠራው ከጥቂት ቅንጣቶች ብቻ ነው። ቅንጣቱን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ የሚጠርግ ሶፍትዌር ገበሬውንም አብሮ ይጠርገዋል፤ የሚቀረው እንደ ፕላስቲክ የለሰለሰ ኮረብታ ነው። ጎበዝ አዳሽ ጭረቱን፣ አቧራውን፣ የምስሉን መንቀጥቀጥ ያነሳል፤ ቅንጣቱን ግን አይነካም። ቤተሰቡ ከእንቅልፉ በሚነሳበት የንጋት ትዕይንትም ጨለማው አንድ ወጥ ጥቁር አይሆንም። ጥቁሩ ደረጃ ደረጃ አለው፤ ሰው ከግድግዳው የሚለየው በዚያ ነው።

ድምፁም እንዲሁ ነው። ፊልሙ ንግግር አያበዛም፤ በቃል ፈንታ የሜዳውን አየር ያሰማል። ድምፁ ሞኖ ስለሆነ ሁሉም በአንድ መስመር ይመጣል፤ ከጀርባው ያለውን ስስ ሹክሹክታ ፈጽሞ ማጥፋትም የሜዳውን አየር ማፈን ነው።

የጃፓን ፊልምም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። የአኪራ ኩሮሳዋ «ራሾሞን» እ.ኤ.አ. በ1950 ተሠርቶ በ2008 ሲታደስ ለዝናቡ ብቻ እንኳ መታየት የሚገባው ሆነ። ኩሮሳዋ በከተማው በር ትዕይንት ላይ ዝናቡ ከሰማዩ ጋር ተመሳስሎ እንዳይጠፋበት ውሃው ላይ ጥቁር ቀለም አስጨምሮበት ነበር። በደካማ ቅጂ ያ ሁሉ ድካም ጭጋግ ይሆናል፤ በታደሰው ግን እያንዳንዱ የዝናብ ዘለላ ተለይቶ ይወርዳል። ጫካው ውስጥ የካዙዎ ሚያጋዋ ካሜራ በቅጠል መሃል ፀሐይዋን ሲያይም፣ ነጩ ሳይቃጠል ጥቁሩ ሳይደፈን ይታያል።

ይህ ሁሉ ቤት ሲደርስ ሊበላሽ ይችላል። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም 700 ሜጋባይት ውስጥ ሲታጨቅ መጀመሪያ የሚጣለው ቅንጣቱ ነው፤ ጥላውም ካሬ ካሬ እየሆነ ይሰባበራል። ስለዚህ ምርጫ ካለ ዲስኩን፣ ከሌለም ትልቁን ፋይል መያዝ ነው። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ አለ፤ ሱቅ ውስጥ ዓይን እንዲስብ ሲባል ሻርፕነሱ ከልክ በላይ ተጨምሮ፣ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰው ማስተካከያም ተከፍቶ ነው የሚመጣው። ሻርፕነሱን ዝቅ ማድረግ፣ ማለስለሻውን መዝጋት፣ ምስሉን «ሲኒማ» ላይ ማድረግ ነው። በሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮው ሲንጫጫ ደግሞ የሜዳው ስስ ድምፅ ስለሚዋጥ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ነው። አዳሹ ፍሬም በፍሬም ተጠንቅቆ ያተረፈውን ቅንጣት አንድ የሪሞት ቁልፍ ሊፍቀው ይችላል፤ የመጨረሻው አዳሽ ሪሞቱን የያዘው ሰው ነው።