ጓዳው የሚያውቀው ግድያ

ሮበርት አልትማን እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣውን «ጎስፎርድ ፓርክ» የተባለ ፊልም ገዳዩን ለማወቅ ብዬ አላየውም። ዘመኑ 1932፣ ቦታው የእንግሊዝ ባላባቶች ለአደን የተሰበሰቡበት የገጠር መኖሪያ ነው። ጌትዬው ሰር ዊልያም ይገደላሉ። መርማሪው ማስረጃውን በእጁ እያበላሸ ይዞራል፤ አሽከሮቹን ከቁብ አይቆጥራቸውም። ፊልሙ ግን ያለው እነሱ ዘንድ ነው። የእንግዶቹ አገልጋዮች ጓዳ ሲገቡ የገዛ ስማቸው ይቀራል፤ በጌቶቻቸው ስም ይጠራሉ፤ ማዕድ ላይ የሚቀመጡትም በጌቶቻቸው ማዕረግ ተራ ነው። ካሜራው ሎሌ ወይም ገረድ በሌለበት ጌቶቹን እምብዛም አያሳየንም፤ የምንሰማው ሁሉ ትሪ የያዘ ሰው ጆሮ የለቀመው ወሬ ነው። እንቆቅልሹን የምትፈታውም ጀማሪዋ ገረድ ሜሪ ናት። እመቤቷን የምትጫወተው ማጊ ስሚዝማ በግልምጫ ብቻ ትገድላለች፤ ያንን የሚመረምር ፖሊስ የለም!