አገሩ ያልተጠየቀ ነጭ ወይን

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ይህ መልአክ የወይን ጠጆቻችንን ሲሰይም ለቀዩ ተግቶ፣ ነጩ ዘንድ ሲደርስ ደክሞት ነበር መሰለኝ።

የምኖረው ሳንሱሲ ነው። በደጃችን የሚያልፈው መንገድ ቡራዩን፣ ሆለታንና አምቦን አልፎ ጉደር ይገባል። አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ቀዩን «ጉደር» አለው፤ ጣፋጩን ደግሞ «አክሱሚት»። ነጩንስ? «ክሪስታል»! ጉደር ሲባል ወንዙ ይታየኛል፤ አክሱሚት ሲባል ሐውልቱ። ክሪስታል ሲባል የሚታየኝ ባዶ ብርጭቆ ነው።

ነገሩ የስም ብቻ አይደለም። በቅርቡ ለእንግዶቼ አንድ የአገር ውስጥ ነጭ ወይን ከፈትኩ። ወዳጄ ቀመሰና «ውሃ ገባበት እንዴ?» አለኝ። አልፈረድኩበትም፤ እኔም ስንት ዘመን ቀዩን በኮካ እየበረዝኩ የጠጣሁ ሰው ነኝ። ምላሳችንን ያሠለጠነው ጠጅ ነው። «ወይን ጠጅ» የሚለው ቃል ራሱ የወይኑን ፍሬ በማር እንደምንለካው ይመሰክርብናል። ስኳሩ ፈልቶ ያለቀ ነጭ ወይን በዚህ ሚዛን ምንጊዜም ይቀላል። ያንኑ ጠርሙስ በደንብ አቀዝቅዤ ከአልጫ ወጥ ጋር ሳቀርበው ግን ኮምጣጣነቱ የቅቤውን ክብደት አነሳው፤ ወዳጄም ሳይጠየቅ ደገመ። ጥፋቱ የወይኑ ሳይሆን የእኔ የአስተናጋጁ ነበር።

ሌላው ዓለም ስመ ጥር ያልሆኑ ነጮቹን እንዴት እንደያዘ እንይ። የሳንቶሪኒ ደሴት ግሪኮች የአሲርቲኮን ሐረግ ነፋስ እንዳይጎዳው መሬት ላይ እንደ ቅርጫት ይጎነጉኑታል። ጆርጂያውያን ርካጺቴሊ የተባለውን ነጭ ዘር መሬት ውስጥ በተቀበረ እንስራ ያፈላሉ፤ ዘዴውም እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የፈረንሳዩ ሸናን ብላን ደቡብ አፍሪካ ገብቶ «ስቲን» ተባለ። መጤው ዘር ስም ወጥቶለት ባላገር ሆነ ማለት ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ካስቴል ዝዋይ ላይ ያለማውን ወይን እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ሲያቀርብ በነጩ ጠርሙስ ላይ «ሪፍት ቫሊ» እና «ሻርዶኔ» ብሎ ጻፈ። ቦታውና ዘሩ መጠቀሳቸው ትልቅ እርምጃ ነው። ቅሬታዬ ግን አለ። ሻርዶኔ ሁሉም አገር የሚያመርተው ዘር ነው፤ በእሱ ስም ብቻ ከተሰለፍን የሰልፉ ጭራ እንሆናለን። የራሳችን የሆነው ሐይቁ ነው፣ አፈሩ ነው፣ ዝዋይ ነው። እሱ ግን በጉልህ ፊደል አልተጻፈም።

«ሳን ሱሲ» በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው። የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክም ፖትስዳም ላይ እ.ኤ.አ. ከ1745 እስከ 1747 ያሠራውን ቤተ መንግሥት በዚሁ ስም ጠርቶታል፤ ያረፈውም በእርከን በተተከለ የወይን ቦታ አናት ላይ ነው። የእኛ ሰፈር ስሙን እንጂ ወይኑን አላገኘም። ቢሆንም እንግዳ ቤታችን ሲገባ «አገርዎ ወዴት ነው?» ማለት እናውቅበታለን። ነጩንም ጠርሙስ እንዲሁ እንጠይቀው። እስከ ዛሬ መልስ ያጣው ጠያቂ ስላላገኘ ይሆናል።