ልቦለድ ወደ ሚና ጨዋታ ሲሸጋገር ምን ይወረሳል?

1. መግቢያ

የታወቀን ልቦለድ ወደ ሌላ የኪነ-ጥበብ ዘርፍ ማሸጋገር ለሥነ-ጽሑፍ ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኮ ብዙ አድማጭ አፍርቷል። ልቦለድ ተውኔት ወይም ፊልም ሲሆንም በየጊዜው ይታያል። በእነዚህ ሽግግሮች ሁሉ ግን አንድ ነገር አይናወጥም፤ የታሪኩ ፍጻሜ ከደራሲው ወይም ከአዘጋጁ እጅ አይወጣም። አድማጩ በዛብህ ሲሞት ሊያለቅስ ይችላል፤ ሞቱን ለማስቀረት ግን አይችልም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ዋስትና የሌለበትን ሽግግር መመርመር ነው፤ ይኸውም ልቦለድ በጠረጴዛ ዙሪያ ወደሚካሄድ የሚና ጨዋታ ሲለወጥ የሚሆነውን። ይህ የጨዋታ ዓይነት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ባወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» መልክ የያዘ ነው። ጥቂት ሰዎች ይሰበሰባሉ። አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ መቼቱን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ-ባሕርይ ወክለው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ የድርጊቱ ውጤት አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። ለወራት የሚዘልቀው ተከታታይ ጨዋታ «ዘመቻ» ይባላል። እዚህ ላይ ተደራሲው ራሱ ባለታሪክ ስለሆነ ፍጻሜውን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ በእኛ አጠራር ውርስ ትርጉም የምንለው ነገር እዚህ ምኑን ይወርሳል? የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚወረሰው ሴራው ሳይሆን የልቦለዱ ሕግ ነው የሚል ነው። ሕግ ሲባል በልቦለዱ ዓለም ውስጥ የትኛው ድርጊት ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል የሚወስነው ነገር ማለት ነው።

2. ሴራን መውረስ

ሴራን እንዳለ ለመውረስ የተደረገው ሙከራ ችግሩን በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1984 መውጣት የጀመረው «ድራጎንላንስ» ልቦለዱና ጨዋታው ጎን ለጎን የተዘጋጁበት ሥራ ነው። ተጫዋቾቹ የልቦለዱን ዋና ዋና ገጸ-ባሕርያት እንዲወክሉ ተዘጋጅቶላቸዋል። ይሁን እንጂ ለኋላው ታሪክ የሚያስፈልግ ገጸ-ባሕርይ በዳይስ ዕጣ ቢሞትስ? አዘጋጆቹ ለዚህ ያበጁት ደንብ አሟሟቱ በግልጽ እንዳይታይና ገጸ-ባሕርዩ ኋላ ተመልሶ ብቅ እንዲል የሚፈቅድ ነበር። ዘዴው ሴራውን ያድናል፤ ነገር ግን ሞት ዋጋ እንዲያጣ ያደርጋል። ተጫዋቹም የመረጠ እየመሰለው ሌላ ሰው የጻፈውን ታሪክ ይከተላል። በሌላ አነጋገር ከባለታሪክነት ወደ አድማጭነት ይመለሳል፤ ለአድማጭነቱ ደግሞ መጽሐፉ ይሻለዋል።

3. መቼትን መውረስ

እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 የታተመው የቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» ጉዳዩን የበለጠ ያከብደዋል። በመጨረሻው ሰዓት ፍሮዶ ቀለበቱን መጣል ያቅተዋል። ቀለበቱ የሚጠፋው ጎለም ከነጠቀው በኋላ ነው፤ ጎለም እስከዚያ የቆየው ደግሞ ቀደም ሲል ቢልቦና ፍሮዶ ስለራሩለት ነው። የመጽሐፉ ጭብጥ በዚህ የምክንያትና ውጤት ሰንሰለት ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ አንዲት ቀለበቷ ብትላቀቅ ጭብጡ ይፈርሳል። ይህን ሰንሰለት ለዳይስ አደራ መስጠት አይቻልም።

ስለዚህ የጨዋታ አዘጋጆቹ ከዋናው ታሪክ ዘወር ማለትን መርጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የአይረን ክራውን ድርጅት ጨዋታ አብዛኞቹን ዘመቻዎቹን ከቀለበቱ ጦርነት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወስዷቸዋል። በ2011 የወጣው የፍራንቸስኮ ኔፒቴሎ «አንዱ ቀለበት» ደግሞ በ«ሆቢት» ታሪክና በዋናው ልቦለድ መካከል ባለው ክፍት ዘመን ውስጥ ይጀምራል።

ሁለቱም መቼቱን ወርሰዋል፤ ልዩነታቸው ሕጉ ላይ ነው። የመጀመሪያው ከሌላ አጠቃላይ ጨዋታ የተቀዳ ደንብ ስለያዘ አስማት በቶልኪን ዓለም ካለው እጅግ የበዛ ነው፤ ቁስሉም የሥጋ ቁስል ነው። ሁለተኛው ግን እያንዳንዱን ገጸ-ባሕርይ በተስፋና በጥላ ይለካዋል። ክፉ ሥራ የሠራ ወይም መከራ የበዛበት ሰው ጥላው ይከብዳል፤ ጥላው ተስፋውን ሲደርስበት ልቡ መናወጥ ይጀምራል። ፍሮዶ በሌለበት የፍሮዶ ፈተና እዚያው አለ። ለመጽሐፉ ይበልጥ የታመነው ይህ ነው።

4. ሕግን መውረስና ዕዳው

የዚህ አካሄድ ቀደምት ምሳሌ ሳንዲ ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1981 በላቭክራፍት ድርሰቶች ላይ ተመሥርቶ ያዘጋጀው «የክቱሉ ጥሪ» ነው። ርዕሱን ባዋሰው የ1928 አጭር ልቦለድ ውስጥ ተራኪው ጀግንነት አይፈጽምም። የሟች ዘመዱን ወረቀቶች እያገጣጠመ ያነባል፤ በገባው መጠንም ሰላሙን ያጣል። የዚያ ዓለም ሕግ ዕውቀት አዋቂውን ይጎዳል የሚል ነው።

ፒተርሰን ይህን ሕግ ወደ ቁጥር መልሶታል። ገጸ-ባሕርዩ የአእምሮ ጤንነት ነጥብ አለው፤ አስፈሪ ነገር ባየ ቁጥር ዳይስ ይጥላል፤ ካልቀናውም ነጥቡ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ስለ ምስጢሩ ያለው ዕውቀት በጨመረ ልክ ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛ የጤንነት ነጥብ ከ99 ላይ እየተቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ተጫዋቹ አንድን አሮጌ መጽሐፍ ከመክፈቱ በፊት ያመነታል። ይህ ማመንታት ከላቭክራፍት ድርሰቶች የትኛውንም ሴራ ሳይቀዳ የድርሰቶቹን ስሜት ያስገኛል።

ወራሽ ግን ሀብት ብቻ ሳይሆን ዕዳም ይወርሳል። በላቭክራፍት ድርሰት ውስጥ የፍርሃቱ ምንጭ ሆነው የሚቀርቡት በአብዛኛው ጥቁሮች፣ ክልሶችና ባዕዳን ናቸው፤ ይህም የደራሲው የዘር ጥላቻ ነጸብራቅ ነው። በ1984 የታተመውና ዝነኛ የሆነው «የኒያርላቶቴፕ ጭምብሎች» ዘመቻ ተጫዋቾቹን እስከ ካይሮና ኬንያ ይወስዳል። እዚያም አፍሪካዊ የምስጢር አምልኮ እንደ ስጋት ይቀርባል። አፍሪካዊ ተጫዋች በዚህ ጠረጴዛ ላይ ማንን ሊወክል ነው? አዳኙን ወይስ የሚታደነውን? ልብ ሊባል የሚገባው የአእምሮ ጤንነቱ ደንብ ይህን ጥላቻ የማይፈልገው መሆኑ ነው። ዕውቀት የሚያስፈራው የአዋቂው አቅም ውስን ስለሆነ እንጂ የሰው ቆዳ ስለጠቆረ አይደለም። ሕጉን ከደራሲው ወገንተኝነት መለየት ይቻላል ማለት ነው፤ መለየቱም የወራሹ ኃላፊነት ነው።

5. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ሐሳብ ወሰን አለው። የላቭክራፍት ተራኪ ብቸኛ ነው፤ የጨዋታው ገጸ-ባሕርያት ግን በቡድን ይሄዳሉ፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ሳቅም አይጠፋም። ብቸኝነትን የሚተካ ደንብ አልተገኘም። የተራኪው የቋንቋ ውበትም እንዲሁ በአብዛኛው ይቀራል።

ይህም ሆኖ ሽግግሩ ለሥነ-ጽሑፍ ሂስ አንድ መሣሪያ ያበረክታል። ልቦለድን ወደ ጨዋታ ለመለወጥ የሚነሣ ሰው «ምን ተፈጸመ?» ብሎ ሳያበቃ «ይህ ዓለም በምን ይቀጣል? ምንስ ይክሳል?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ሴራው ሲነሣ ጸንቶ የሚቆም ነገር ያለው ልቦለድ የትኛው እንደሆነ፣ ሴራው ሲነሣ ባዶውን የሚቀረውም የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ጥያቄ ነው።