«መግጠም»፣ «መወጠር» ወይስ «ማጥለቅ»?
ስለ ጎማ ሥራ ግሦች የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃላትን አቻ በመፈለግ ረገድ እስካሁን የተሠራው ሥራ ለስሞች ያደላ ነው። ከባዕድ ቃል ተነሥቶ አቻ የሚፈልግ ሁሉ፣ ለዕቃው ስም ካገኘ የተፈጸመ ይመስለዋል። የአገራችን የቋንቋ ትምህርት ግን የኖረው በተቃራኒው መንገድ ነው። በጎጃም የቅኔ ቤቶች ተማሪው ግስ ሳያጠና ወደ ቅኔ አይገባም፤ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላትም «ግስ»ን ከነርእሱ ይዞታል። የመኪና ጎማን በእጅ ከቸርኬው ላይ የማዋል ሥራ የዚህን ጕድለት መጠን በግልጽ ያሳያል።

የስም ችግር እምብዛም የለም። በባሕር ዳር መንገድ ዳር የሚሠራ ጎሚስታ ጎማውን፣ ቸርኬውን፣ ክሪኩንና ቦሎኑን በስሙ ያውቃል፤ ሁሉም ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። የአየር መያዣው ስም «ከመነዳሪ»ም «ካላማዳሪ»ም ተብሎ ይጻፋል፤ የጣልያንኛው «ካሜራ ዳርያ» መጨረሻ «አዳሪ» መምሰሉ ለአማርኛ ጆሮ ሳይመች አልቀረም፤ አየር ያድርበታልና! አስቸጋሪው «ጎማ» ራሱ ነው። ቁሱንም፣ ከቁሱ የተሠራውንም፣ ከነቸርኬው ያለውንም ይጠራል። ስለዚህ «ጎማ ቀየርሁ» ያለ ሰው ቦሎን ፈትቶ ትርፉን አሰረ ወይስ አሮጌውን ከቸርኬው አውልቆ አዲስ አገባ፣ አይታወቅም። ለሙሉው አካል የነበረን የግእዝ ቃል «መንኰራኵር» ወደ ጠፈር ስለ ሄደ ተመልሶ ይወርዳል ማለት ዘበት ነው። «ባለ ሦስት እግር» የሚለው አነጋገር ግን በባሕር ዳር ጎዳና በየቀኑ ስለሚሰማ፣ «እግር»ን ለዚህ ማዋል ይቻላል።

አሁን ወደ ግሡ። ተርጓሚዎች ዘወትር የሚቀናቸው «ጎማውን በቸርኬው ላይ መግጠም» ነው፤ አንዳንዱም የሥራውን ከባድነት ለመግለጽ «መወጠር» ይላል። «ወጠረ» የድንኳንና የከበሮ ግሥ ነው፤ የሚለጠጥ ነገር ይሻል። በጎማው ጠርዝ ውስጥ የተቀበረው የብረት ሽቦ ግን አይለጠጥም። በቤቱ ደጃፍ በእጁ የሚሠራ ሰው ይህን ቃል አምኖ በብረት መፈልቀቂያ ቢታገል ወይ ጠርዙን ይቀደዋል፣ ወይ ከመነዳሪውን ቈንጥጦ ይበሳዋል። ትክክለኛው አሠራር ሌላ ነው። ጠርዙ በሳሙና ውኃ ይታሻል፤ አንዱ ወገን በቸርኬው ወገብ ዙሪያ ወዳለው ጐድጓዳ ስፍራ እንዲወርድ በጕልበት ወይም በእግር ይጫናል፤ በዚህ የተገኘው ልልነት ተቃራኒው ወገን በትንሹ በትንሹ እንዲገባ ያስችላል። ከመነዳሪ ካለውም፣ የፊተኛው ጠርዝ ከገባ በኋላ ከመነዳሪው ገብቶ አፉ በቀዳዳው ይወጣል፤ ከዚያ ሁለተኛው ጠርዝ ይከተላል።

ለዚህ እንቅስቃሴ አማርኛ አንድ ግሥ አለው፤ «አጠለቀ»። ቀለበት በጣት፣ ሸሚዝ በአንገት ይጠለቃል፤ ፀሐይም ትጠልቃለች፣ በጣና የሚዋኝም ሰው ይጠልቃል። ማስገባትና ወደ ታች ማውረድ በአንድ ግሥ መገኘታቸው ለዚህ ሥራ እንደ ተመረጠ ያስመስለዋል። «ቸርኬ»ም በምንጩ ቀለበት፣ ክብ ማለት ነው፤ ምንም እንኳ እዚህ ላይ ቀለበቱ ጣት፣ ጎማው ቀለበት ቢሆንም።

«መግጠም»ም ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ኋላ ነው። አየር ሲሞላ ጠርዙ ከጐድጓዳው ወጥቶ ከቸርኬው ዳርቻ ጋር በድምፅ ይገናኛል። ይህ መግጠም ነው። ከእንግሊዝኛው በቀጥታ «ጎማው እስኪቀመጥ ንፉ» ተብሎ ሲተረጐም ግን፣ መኪናውን በክሪክ ያነሣ ሰው እግሩ መሬት እስኪነካ ማለት ይመስለዋል። አሻሚነቱ ለሕይወትም ያሰጋል፤ የቤት አውቶሞቢል ጎማ ጠርዝ እስኪገጥም ሲነፋ ግፊቱ ከ40 ፒ.ኤስ.አይ. (2.75 ባር ገደማ) ማለፍ የለበትም። በዚህ ልክ ካልገጠመ አየሩ ወጥቶ ሥራው እንደገና ይጀመራል። «እስኪሞላ» የሚለው ቃል ደግሞ ወሰኑን ጨርሶ ያጠፋዋል፤ የፈነዳ ጎማ የሠራተኛውን እጅ እንደሚቈርጥ ጎሚስታው ሳይነገረው ያውቃል፣ መመሪያውን አንባቢው ግን አያውቅም።

«ማልበስ» ለምን ቀረ የሚል ይኖር ይሆናል። ወርቅ የለበሰ ጽዋ ከወርቁ አይለይም፤ ጎማ ግን ሊወልቅ የሚገባ ነው። «የጠለቀ» ነገር ይወልቃል፤ ጎሚስታውም አሮጌውን ጎማ «አወለቅሁት» ነው የሚለው።